የተከፈተው ጠብታ

ሰርካለም የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዛ ስትመለስ፣ ጠዋት አንድ በአንድ ይወርድ የነበረው፣ በእናቷ ክንድ የተሰካው የጨው ፈሳሽ ጠብታ እየተከታተለ ይንቆረቆራል።

«አያ ቢሻው፣ ይሄን ማን ነካው?»

አጎቷ ከአልጋው አጠገብ ቆመዋል። «እኔ ነኝ ለቀቅ ያደረግሁት» አሉ። «ጨው አንሷታል ካሉ ምነው እንደ ንፉግ ያንጠባጥቡላታል? እያት እስቲ፣ ሸጋ ሆናለች።»

እውነትም እናቷ ዓይኗን ገልጣለች። ትናንት ልጇን አላወቀቻትም ነበር። «ሰርኬ፣ በላሽ?» አለቻት።

ሰርካለም የቱቦውን መቆጣጠሪያ ፈጥና ያዘች። ነርሷ ሲስተር ነጃት ትናንት አስጠንቅቃት ነበር፦ በደም ውስጥ የወረደ ጨው ቀስ ተብሎ ነው የሚመለሰው፤ ከፈጠነ አንጎል ይጎዳል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው።

መቆጣጠሪያውን ዘጋችው። የፈሳሹ ከረጢት በግማሽ ጎድሏል።

«በይ እንግዲህ፣ ዝም ነው» አሉ አጎቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካወቁ ያስወጡኛል። እኔ እህቴን ልጎዳ አልመጣሁም።»

ይህን ታውቃለች። ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ ካለው መንደራቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ቃሬዛውን ለማንም ሳይለቁ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር ነጃት ገባች። ከረጢቱን አየች፣ ሰዓቷን አየች። «ይሄ ፈጥኗል። የነካው ሰው አለ?»

«ኧረ የለም» አሉ አያ ቢሻው።

ነርሷ ወደ ሰርካለም ዞረች። እናቷ ፈገግ ብላ ታያታለች። ድና የለ፣ ምን ልናገር፣ አለች በልቧ። ከዚያ ግን «ከቀናት በኋላ» የሚለው የነርሷ ቃል መጣባት።

«ተከፍቶ ነበር» አለች። «ላቦራቶሪ ደርሼ እስክመለስ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

ሲስተር ነጃት ማን እንደከፈተው አልጠየቀችም። ቱቦውን ነቅላ፣ ደም ቀድታ፣ ዶክተሩን ልትጠራ ሮጠች። አያ ቢሻው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ጨዉ ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ዶክተሩ መልሶ ዝቅ የሚያደርገውን ሌላ ፈሳሽ አዘዘ። «በጊዜ ነው የሰማነው» አላት። «በየሁለት ሰዓቱ ደሟን እናያለን።»

ሰርካለም ወደ ኮሪደሩ ወጣች። አጎቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አላዩአትም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትተርፋለች?» አሉ።

«እየተከታተሏት ነው። እርስዎ መሆንዎን አልነገርኳቸውም።»

አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔው ልንገራቸው። አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

ሰርካለም ቀድማቸው ተነሳች።