የፓምፑ ቁጥር

«አላለቀም?»

የጥርስ ሐኪሙ ጭንቅላቱን በመስኮት ሲያወጣ ይህ አራተኛው ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ጭምብሉ አገጩ ሥር ተንጠልጥሏል። ከኋላው፣ ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች በጋዜጣና በካርቶን ሲያራግቡ ይሰማል።

«ገና ነው፣ ዶክተር» አለች ልጅቷ፣ በረንዳው ላይ፣ ከኤሲው የውጭ ክፍል ፊት እንደተንበረከከች።

«ፊተኛው ሰውዬ እኮ በአሥር ደቂቃ ነው የጨረሰው!»

«እሱማ ጨርሶታል!» አለች እናቷ ከውስጥ፣ መሰላል ላይ ሆና። «ኮምፕሬሰሩን ነው የጨረሰው። ለዚህ አይደል እኔን የጠሩኝ?»

ጭንቅላቱ ተመልሶ ገባ።

እናቷ የኤሲ፣ የክፍል ማቀዝቀዣ፣ ሜካኒክ ናት። በየሄደችበት በር የሚከፍትላት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከኋላዋ ነው፤ «ሜካኒኩስ?» ይላል። እናትየው ለምዳዋለች፣ ትስቃለች። አንጀቷ የሚያርረው ልጅቷ ናት።

ፊተኛው ሰውዬ ደግሞ ጉደኛ ነው። ቧንቧውን ከገጠመ በኋላ ውስጡ ያለውን አየር ሳያወጣ፣ በላዩ ላይ ጋዝ ሞልቶበት ሄደ። አየር ውስጥ እርጥበት አለ። እርጥበቱ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆንና ኮምፕሬሰሩን፣ የኤሲውን ልብ፣ ከውስጥ ይበላዋል። ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ድርግም። ትናንት አሮጌውን ሲያወጡ እናቷ ዘይቱን በጠርሙስ ቀድታ «አሽቺው» አለቻት። ጥቁር ነው፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልወጣም።

አዲሱ ትናንት ተገጠመ። ዛሬ የቀረው ቫኪዩሙ ነው። አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ስቦ ማውጣት፣ ከዚያ ጋዝ መሙላት። ሲወራ ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን የሰው ትዕግስት ይጨርሳል። እንዲያም ሆኖ ልጅቷ ይህን ሥራ ስንት ወር ለምናለች! «እማ፣ ከሠራሁ በኋላ ተከትለሽ አትፈትሺብኝ። ወይ እመኚኝ ወይ ተይኝ።» ዛሬ ጠዋት እናቷ እጅ ሰጠች።

«እሺ። ቫኪዩሙ ያንቺ ነው። እኔ ውስጥ የኤሌክትሪኩንና የውሃ መውረጃውን አያለሁ። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ጋዙን እከፍታለሁ።»

«መጥተሽ አታይም?»

«አላይም።»

«የእውነት?»

«አላይም አልኩሽ እኮ! አሁን ደግሞ ሐሳቤን አታስቀይሪኝ።»

ቁጥሩን የምታሳየው ጌጅ የእናቷ የዓይን ብሌን ናት። ስታስቀምጣት፣ ልጅቷ ሕፃን ሆና ታደርገው በነበረ የሱፍ ኮፍያ ጠቅልላ ነው። የምትቆጥረው በማይክሮን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቧንቧው ባዶ እየሆነ ነው ማለት ነው። ከአምስት መቶ በታች ወርዶ፣ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም እዚያው አካባቢ ከቆመ፣ ያኔ ጋዝ ይሞላል።

ኮፍያውን ፈትታ ጌጇን ስታወጣ ስልኳ ጮኸ። ሬዲዮ ናት። የክፍል ጓደኛዋና የቮሊቦል ቡድናቸው አምበል ናት፤ ሬዲዮ የሚሏት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው።

«የት ነሽ አንቺ? ጨዋታው ወደ ስምንት ተኩል ተሳበ እኮ!»

«ምን? ዘጠኝ ተኩል አልተባለም እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ዳኛውን ጠይቂው! አቦ ነይ እንጂ! ካንቺ ሌላ ኳስ የምታነሳልን ማን አለ? ምትክሽ ያቺ ቀሽም ናት። ኳስ ወደሷ ሲመጣ ዓይኗን ነው የምትጨፍነው!»

«ሥራ ላይ ነኝ...»

«ፍጻሜ ነው! ፍ-ጻ-ሜ!»

ስልኩ ሰባት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሜዳው ድረስ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በደንብ የተሠራ ቫኪዩም ደግሞ፣ ከነመጠበቂያው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው ደስ የሚለው። ወይ ጣጣ!

በዚያ ላይ ወፍራሙ ቱቦና የመርፌ ማውጫው መኪናው ውስጥ ቀርተዋል። ጠዋት ፓምፑን ተሸክማ ሦስት ፎቅ ስትወጣ «በኋላ አመጣቸዋለሁ» ብላ የተወቻቸው ራሷ ናት። ኤሲው ላይ ቱቦ የሚታሰርበት አፍ ውስጥ፣ እንደ ጎማ ቫልቭ፣ ትንሽ መርፌ አለች። እሷ ካልወጣች አየሩ እየተንጠባጠበ ነው የሚሳበው። «በእስክሪብቶ ቀፎ ባልዲ ውሃ ለመጠጣት መሞከር ነው» ትላለች እናቷ። ጌጇም መታሰር ያለባት ከፓምፑ ርቃ፣ ኤሲው አፍ ላይ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ማሰሪያ ያለው ደግሞ ያው የመርፌ ማውጫው ላይ ነው።

ልጅቷ ደረጃውን አየች። ስልኩን አየች። ከዚያ አጠገቧ የነበረውን ቀጭኑን የጋዝ መሙያ ቱቦ አነሳች። ጌጇን እዚያው ፓምፑ ላይ አሰረቻት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሺህ ጊዜ ሰምታለች። ሁልጊዜ የሚመስላት ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ነው።

ፓምፑ ተነሳ። ቁጥሩ ከሺዎች ተንደርድሮ ወረደ። ሁለት ሺህ። ስምንት መቶ። አምስት መቶ። በዘጠኝ ደቂቃ ሦስት መቶ ሰማንያ ገባ። ኤሲው ጋ ያለውን የቱቦውን መዝጊያ ዘግታ ፓምፑን አጠፋችና ጠበቀች። ቁጥሩ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዴት አይቆም! ጌጇ የምታየው ቱቦውንና ፓምፑን ብቻ ነው። ከመዝጊያው ማዶ፣ ኤሲው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ታውቃለች?

ልጅቷ ይህን አታውቅም እንዳይባል፣ ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እማ! ሦስት መቶ ሰማንያ! አልተነሳም!»

እናቷ «እንዴት በዚህ ፍጥነት?» እንድትላት ጠበቀች። «የት ነው ያሰርሻት?» እንድትላት። ቁጣም ቢሆን።

«ጎበዝ» አለች እናቷ። «ጋዙን ላምጣ።»

አለቀ። አንድ ጥያቄ እንኳ የለም። ልጅቷ ስንት ወር የለመነችው ይኼንኑ ነበር፤ አሁን ሲሰጣት እንደ ድንጋይ ከበዳት። ቱቦ መጠቅለል ጀመረች።

በመስኮቱ የሐኪሙ ድምፅ መጣ። አንድ ልጅ እያከመ ነው፤ ልጁ እየተነጫነጨ ነው።

«አፍህን ክፈት። አትዝጋ አልኩህ!»

«ደከመኝ...»

«ሁለት ደቂቃ። ምራቅ ከገባበት ከንቱ ነው የለፋነው። ሳይደርቅ የሞላሁት ጥርስ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ የምትጮኸው አንተ፣ የምሰደበው እኔ። ክፈት!»

«ወይኔ» አለች ልጅቷ፣ ለራሷ። ቱቦውን ጣል አደረገችው። ቆይ፣ ዛሬ ይኼ ሰውዬ ዝም የሚልበት ሰዓት የለውም?

እናቷ የጋዙን ሲሊንደር በግራ እጇ አንጠልጥላ ወጣች፤ ቀኝ ትከሻዋ ከትናንት ጀምሮ ያማታል። የጋዙን መመዘኛ ሚዛን አስቀመጠች፣ ሲሊንደሩን ላዩ ላይ አቆመች፣ ቱቦውን አሰረች። ወደ ጌጇ ዞር እንኳ አላለችም። እጇን ወደ ሲሊንደሩ መክፈቻ ሰደደች።

«እማ፣ ተይው።»

«ምኑን?»

«አትክፈቺው። ቁጥሩ... የኤሲው አይደለም።»

እናቷ እጇን ሳታነሳ ቀና አለች። «ጌጇን የት ነበር ያሰርሻት?»

«ፓምፑ ላይ።»

«ቱቦውስ?»

«ቀጭኑን ነው። መርፌዋንም አላወጣሁም። ዕቃው መኪናው ውስጥ ነው ያለው።»

እናቷ ረጅም ትንፋሽ ስባ አወጣችው። ሲሊንደሩን ከሚዛኑ አወረደች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስለዚህ ፓምፑ ባዶ መሆኑን ነው የነገርሽኝ። እሰይ! ፓምፑ ደህና ነው። ፓምፑ እንዲህ ደህና መሆኑን ሳላውቅ ብሞት ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።»

«እማ...»

«ልጄ፣ ሰነፍ ብትሆኚ ባልተናደድኩ። ታውቂያለሽ እኮ! እያወቅሽ! ይኼ ነው ደሜን የሚያፈላው። ከፊተኛው ሰውዬ በምን ተለየሽ? እሱ እንኳ ጌጅ ስለሌለው ነው።»

ይቺ ዘልቃ ገባች። ልጅቷ የጨዋታውን ነገር ሳታነሳ ጌጇን ከፓምፑ ላይ ፈታች።

«አላለቀም?» አለ ጭንቅላቱ በመስኮት።

እናቷ ለመመለስ ዞረች፤ ልጅቷ ቀደመቻት።

«ቀርቷል፣ ዶክተር። እንደ አዲስ ልንጀምር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንደ አዲስ! ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው እዚህ በሙቀት ሊያልቅ ነው እኮ!»

«ሳይደርቅ ከተሞላ ከወር በኋላ ይመለሳል» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «አሁን ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

ሐኪሙ ጭምብሉን አስተካከለ። «ምን ያህል ነው ታዲያ?»

«አንድ ሰዓት። ምናልባትም ትንሽ ይበልጣል።»

እያጉተመተመ ገባ።

ደረጃውን ስትወርድ ለሬዲዮ ደወለችላት። «በኔ ምትክ ያቺን አስገቧት። አልደርስም።»

«ምን? አብደሻል? ዓይኗን የምትጨፍነዋን?»

«ኳሱን እያየች በጊዜ እንድትነሳ ንገሪያት። ሌላው ይደርስላታል።»

«ስሚኝ፣ አሠልጣኙ ደሙ ፈልቷል። እናቴ አልለቅ አለችኝ ብላለች ልበለው? እንደዚያ ከሆነ አይቆጣሽም።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ለአንድ ደረጃ ያህል ቆመች።

«አይ፣ እንደዚያ አትበዪ። ራሴ ያበላሸሁት ሥራ አለኝ በያቸው።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» አለች ሬዲዮ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድማ ዘጋች።

ልጅቷ ዕቃውን ይዛ ሦስቱን ፎቅ ወጣች። መርፌዋን አወጣች። ወፍራሙን ቱቦ አሰረች። ጌጇን ወስዳ ኤሲው አፍ ላይ፣ ከፓምፑ አርቃ፣ ከመዝጊያው ማዶ ገጠመቻት። ፓምፑን አስነሳች።

አሁን ቁጥሩ አልተንደረደረም። እየተጎተተ፣ እያረፈ ወረደ። ሁለት ሺህ ደረሰ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ቆመ። እንደዚህ የሚያበሽቅ ነገር ዓለም ላይ የለም። ስልኩ ስምንት ተኩል አለ። ጨዋታው ተጀመረ።

«እማ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ላይ ተገትሯል!»

«የፓምፑን ዘይት እይው» አለች እናቷ ከውስጥ።

በፓምፑ የመስታወት መስኮት ዘይቱን አየችው። ጠዋት እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነበር፤ አሁን ወተት የገባበት ይመስላል። እርጥበት ነው። ከኤሲው ሆድ የወጣ ውሃ። ትንሽ ዝም ብላ ብትቆይ ኖሮ ይኼ ሁሉ ከአዲሱ ኮምፕሬሰር ጋር አብሮ ሊታሸግ ነበር። የትናንቱ ጥቁር ዘይት ሽታ አፍንጫዋ ላይ ተመልሶ መጣ።

መዝጊያውን ዘጋች፣ ፓምፑን አጠፋች፣ ዘይቱን ቀይራ እንደገና አስነሳች። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ዘጠኝ መቶ። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ሐኪሙ አሁንም ጭንቅላቱን አወጣ፤ አያትና አንድ ጠርሙስ ውሃ መስኮቱ ላይ አስቀምጦላት ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ ገባ። መዝጊያውን ዘግታ ፓምፑን አጠፋች። አሁን አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ስልኳ ተንጫጫ። የሬዲዮ መልእክት ነው። «አንድ ለአንድ ነን!! ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ነው። አሠልጣኙ ከመጣች አስገባታለሁ ብሏል። ሩጪ!!!»

እናቷ በሩ ላይ ቆማ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነበር። መልእክቱን ማየት አላስፈለጋትም፤ የልጅቷን ፊት አየች።

«ጨዋታሽ ዛሬ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው ሳትነግሪኝ! በይ ሂጂ። የቀረውን እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። የስፖርት ጫማዋ ነው፤ ጠዋት አውቃ ነው ያደረገችው። ከዚያ ጌጇን አየች። አራት መቶ አርባ።

«አሥር ደቂቃ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

ስልኩን ፊቱን ወደ ወለሉ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ጌጇ ፊት ለፊት እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። እናቷ ተመልሳ ገባች።

አራት መቶ ሃምሳ። አራት መቶ ሃምሳ አምስት። ወደ ጌጇ ተጠጋች። አራት መቶ ስድሳ። ጠበቀች። አራት መቶ ስድሳ። ከውስጥ የጥርስ መቦርቦሪያው ይንጫረራል፤ አንድ ሰው ያስላል። ስልኩ ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አላነሳችውም። አራት መቶ ስድሳ።

አሥሩ ደቂቃ ሞላ። ሁለት ደቂቃ ጨመረችበት።

«አራት መቶ ስድሳ!» ብላ ተጣራች። «ቆሟል። ነይና እይው።»

እናቷ ሲሊንደሩን በግራ እጇ አንጠልጥላ ወጣች። ጌጇ እግሯ ሥር ናት፤ አንገቷን ደፋ ብታደርግ ታያታለች። ተሻግራት አለፈች፣ ሲሊንደሩን ሚዛኑ ላይ አቆመች፣ ቱቦውን አሰረች።

«እማ፣ እይው እንጂ።»

«አላይም አልኩሽ አይደል?» አለች እናቷ። «ይልቅ ጌጇን ዝጊያት፣ ጋዝ እንዳይነካብኝ።»

ልጅቷ የጌጇን መዝጊያ ዘጋች። እናቷም ጋዙን ከፈተች።