የወይዘሮ መቀስ ተማሪ

ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ሁለት ልጆቿን በመርፌና በክር ያሳደገች እናት ነበረች። ሜትር ይዛ አታውቅም፤ የሰውን ትከሻ በስንዝሯ ለክታ፣ በጣቷ ዳብሳ ትቆርጣለች። ደንበኞቿ «ወይዘሮ መቀስ» የሚሏት ስለ ሙያዋ ብቻ አልነበረም፤ ምላሷም ስለት ነበረው። አንዱ ሱሪው እንደጠበበው ሲያማርር፣ ሱሪው እንዳለ መሆኑን፣ የሰፋው ሆዱ መሆኑን ነግራ ሸኝታዋለች።

ምን ያደርጋል… መርሳት መጣባት! መጀመሪያ የደንበኞቿን ስም፣ ቀጥሎ የቤቷን በር፣ በመጨረሻ የገዛ ልጆቿን ወሰደባት። አንድ ቀን መርፌ ጣቷን ሲበሳት አናጢው ልጇ ደንግጦ የስፌት መኪናውን ጓዳ ቆለፈበት፤ መቀሱንም ሸሸገ። ያጎርሳታል፣ ጫማዋን ያስርላታል፣ መስኮት ሥር ያስቀምጣታል። እናቱን ስለሚወድ! ፍቅርም እጅ እንደሚያስር ማን ይንገረው? ወይዘሮ መቀስ ቀስ በቀስ መናገር ተወች።

አውቶቡስ የምትነዳው ሴት ልጇ ግን አሻፈረኝ አለች። የእናቷን ሐኪም ሄዳ ጠየቀች። እሱም አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ሕዋሳቱ የሚገናኙበትን ቦታ እንደሚያጠነክር፣ ትዝታም እዚያ መገናኛ ላይ እንደሚኖር አስረዳት። ሰው ሲሠራና ሲማር ይህ ንጥረ ነገር ይበረታል፤ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ይደክማል።

«መድኃኒት ነው ብዬ አላታልልሽም» አላት። «የጠፋው ላይመለስ ይችላል። የቀረውን ግን አታስርቡት።»

እቤት ስትደርስ የወንድሟን መዶሻ አንስታ የጓዳውን ቁልፍ ሰበረች። ወንድሟ በሩ ላይ ቆመ።

«እጇን ብትቆርጥስ?»

«ቁስሏን እኔ አስርላታለሁ። ወንድሜ፣ በቁሟ ቀበርናት እኮ።»

አናጢው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። መቀሱን ያወጣው ግን ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሯ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ጎን ትቀመጣለች። እናት ማንነቷን ስትጠይቃት እንባዋን ውጣ «ስፌት እንዲያስተምሩኝ መጥቼ ነው፣ እማማ» ትላለች። የገዛ እናትን እንደ ባዕድ አንቱ ማለት… ከዚህ የከፋ ምን አለ? ስፌቷ ይጣመማል፤ ወይዘሮ መቀስም ትቆጣለች። መቆጣቷ ራሱ ለቤቱ ደስታ ሆነ! ወራት አለፉ። አንድ ምሽት አውቶቡሱ ሲዘገይ እናት ቀና ብላ «ያቺ ሰነፍ ተማሪዬ የት ቀረች?» ብላ ጠየቀች። ልጇን ረስታለች፤ ተማሪዋን ግን አስታወሰች። በዚያ በደከመ አንጎል አዲስ ትዝታ በቅሎ ነበር!

ተማሪዋ ስትደርስ ቀሚስ ልትሰፋላት ጀርባዋን አዙራ አቆመቻት። ስንዝሯ ግራ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግማ ዳበሰች።

«ይሄ ትከሻ ዝቅ ይላል… የልጄ ትከሻ ነው። የት ከርመሽ ነው፣ ልጄ?»

ያን ሌሊት ሦስቱ ተቃቅፈው አነቡ። በማግሥቱ ግን እናት እንደገና «አንቺ ማነሽ?» አለች። ሹፌሯ ጀርባዋን አዙራ ቆመች። አናጢው ወንድሟም ከኋላዋ ተራ ያዘ።

ዕድል የሰጠችውን መልሳ ትነጥቃለች… ትንጠቅ! በየማለዳው ልትነጥቅ ብትመጣ እነሱም በየማለዳው ትከሻቸውን ያስለካሉ።