ጠጠር የሌለው ቦሎቄ

በሬማንሶ መንደር ሰው ቺሌ በሚሉት ወጥ አሠራር ብዙም አይጣላም። ቀይ በርበሬና የአሳማ ሥጋ ነው፣ አለቀ። የሚያጣላው ከጎኑ የሚቀርበው ቦሎቄ ነው። ወጡ ውስጥ የሚጨምር ሰው ካለ ስሙን ባናነሣው ይሻላል። ቦሎቄ ለብቻው በድስቱ ይቀቀላል፤ የቀለበት ቀን ደግሞ መርጣ የምትቀቅለው ቀለበት የሚታሰርላት ልጅ ራሷ ናት።

ስለዚህ ዴልፊና ለራሷ ቀለበት ቦሎቄ ትመርጥ ጀመር። እጮኛዋ ጊልበርት ከተማ ሥራ ያለው ጨዋ ልጅ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ሲሄድ ግን አትናፍቀውም። የምትናፍቀው ከቦዩ ማዶ የሚኖረውን አማዴዎን ነው። እንዲናገር ሁለት ዓመት ጠበቀችው። እሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስለ ውሃ ተራና ስለ ውርጭ ያወራል፤ ዐይኑ ሌላ ነገር ይላል፣ አፉ አይከተለውም። እሷም ቀድማ መናገር ፈራች። ጊልበርት ሽማግሌ ሲልክ እሺ አለች።

አክስቷ ክሌዎፋስ ከየጎረቤቱ ያመጣችውን ቦሎቄ ጠረጴዛው ላይ በእፍኝ በእፍኝ ደርድራ ጠበቀቻት። ዝንጉርጉሩ ቶሎ ይፈርስና መረቁ ከቺሌው ጋር ይቀላቀላል። ጥቁሩ ጣዕሙ ይከብዳል። የሱቁን አክስቷ በጥፍሯ ጫን አድርጋ ሞከረችውና፣ ይሄ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው፣ እዚህ ተራራ ላይ ሲጣድ ቢውል ቢያድር አይበስልም አለች። የቀረው ቦሊታ የሚባለው ነው፤ ድቡልቡል፣ ቅርጹን ሳይለቅ የሚበስል፣ የቺሌውን ማቃጠል በጣፋጭነቱ የሚያባብል። ከአያት የወረደው ቦሊታ የሚገኘው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከቦዩ ማዶ።

«ሌላ ሰው ልላክ?» አለች አክስቷ ፊቷን ሳታያት።

«እኔው እሄዳለሁ።»

አማዴዎ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ለቀለበቷ መሆኑን ስትነግረው አንገቱን ደፋ። ወደ ጓዳ ገባና ቆየ፤ ሲወጣ አንድ ከረጢት ይዟል። ዋጋውን ልክፈል ብትለው በጄ አላለም። ጨው መጨረሻ ላይ እንድትጨምር ብቻ መከራት። ዴልፊና ሌላ ቃል ትጠብቃለች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ያቺን አንዲት ቃል ብትሰማ ከረጢቱን እዚያው ትጥለው ነበር።

ማታ ቦሎቄውን ለመልቀም ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። አንድ ጠጠር የለውም። አንድም የተሰበረ፣ አንድም የተሸበሸበ አላገኘችም። ለእኔ ብሎ ለቅሞት ነው ብላ አሰበች። ሁሉንም ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረችና ተኛች፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ።

ጠዋት አክስቷ ባልዲውን ከፍታ አንድ ፍሬ አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ዘር ነው።»

«እንዴት ዘር?»

«አምና በረዶ ማሳውን እንዳልነበረ አድርጎት የለ? ሌላ ከየት ያመጣል? ለዘንድሮ ያስቀመጠውን ነው ጠራርጎ የሰጠሽ።» ፍሬውን መለሰችው። «ውሃ ጠጥቷል፤ ከእንግዲህ አይቆይም። ዛሬውኑ ወይ ድስት ነው ወይ መሬት።»

ዴልፊና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዶቹ ቀትር ላይ ይደርሳሉ። አባቷ ዘንድ ሄዳ ልቧ አማዴዎ ጋ መሆኑን፣ ቀለበቱንም እንደማታስር ነገረችው። አባቷም፣ ለጊልበርት እኔ አልነግርልሽም፣ ራስሽ ንገሪው አላት። ደወለችለትና የቦሎቄውን ነገር ነግራው፣ ቀለበቱ ይቅር አለችው።

«በቦሎቄ ምክንያት ነው?» አለ ጊልበርት።

«በአንተ ምክንያት አይደለም» አለችው። እሱም ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ለእሱ አዝና ማልቀሷን አክስቷ ብቻ አየች።

ባልዲውን አንጠልጥላ ቦዩን ተሻገረች። አማዴዎ የሚዘራው ሳይኖረው ትልም አውጥቶ፣ ባዶው ማሳ ዳር ቆሟል። ባልዲውን ሲያይ ደነገጠ።

«ለምን አልቀቀልሽውም? ቀለበትሽ እኮ ዛሬ ነው።»

«ዘርህን በሙሉ ለሌላ ሰው ድግስ ሰጠኸኝ» አለችው። «አንዲት ቃል ግን ነፈግኸኝ። ሁለት ዓመት፣ አማዴዎ።»

«ምን አለኝ ብዬ ልጠይቅሽ? በረዶ የበላው ማሳ?»

«እኔ ማሳ ጠየቅሁህ?»

እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ እንድታገባው ጠየቃት፤ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ እንደ ተማሪ እየተንተባተበ።

ዴልፊና መልሱን ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ስታሰናዳ ኖራ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን በድግስ ቀሚሷ ትልሙ ላይ ተንበረከከች፤ ከባልዲው እፍኝ ሙሉ ዘገነችና መዝራት ጀመረች። አማዴዎም በስተኋላዋ አፈር እያለበሰ ተከተላት።