የተሰረቀው የማለዳ መዝሙር

ሙኒሳ ማርጊላን ከተማ ውስጥ፣ አባቷ በተዉላት ግቢ መዋዕለ ሕፃናት ልትከፍት ስትነሳ ዘመድ ሁሉ ሳቀባት።

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው የሰው ልጅ ንፍጥ ልትጠርጊ ነው?» አሏት አክስቷ።

እሷ ግን የድሮውን በረት ኖራ ቀብታ የልጆች መኝታ አደረገችው። በወይኑ ሐረግ ጥላ ሥር ትንንሽ ወንበሮች ደረደረች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚዘምሩትንም መዝሙር ራሷ ገጠመች።

ኢክቦል ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። አንድ ቀን የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ፤ ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልወርድ አለች።

«እናቷ ሥራ ገብታለች፤ እኔ ደግሞ ማባበል አላውቅበትም» አለ ተጨንቆ።

«እንግዲያው እርስዎም ይግቡና አብረዋት ይቀመጡ።»

ገባ። ያ ረጅም ሰው ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በትንሿ ወንበር ላይ ተሰብስቦ ከልጆቹ ጋር ሲዘምር ስታይ፣ ሙኒሳ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። መልሳ ስታይ ዓይኑ እሷው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መመላለሻ ምክንያት አላጣም። ምድጃውን ጠገነ። የፈቃድ ጉዳይ ሲያንከራትታት አብሯት ተንከራተተ። አንድ አመሻሽ ላይ ሻይ እየጠጡ ሕልሟን ነገረችው፦ ከሐር ፋብሪካው ጀርባ ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው ባዶ ቤት አለ፤ አቅሟ ሲጠና ተከራይታ ትልቅ መዋዕለ ሕፃናት ትከፍትበታለች።

«ለማንም አልነገርኩም። ላንተ ብቻ ነው።»

እጇን ያዘ። በክረምት ቤተሰቦቻቸው ዳቦ ቆርሰው አጯቸው።

በቀጣዩ መኸር ልጆች መቅረት ጀመሩ። ረዳቷ ጉልሳራም እናቴ ታመመች ብላ ሥራ ለቀቀች።

«ጉንፋን ገብቶ ይሆናል፤ አይዞሽ ይመለሳሉ» አላት ኢክቦል።

አንድ ቀን ከቀሩት ልጆች መካከል የመንትዮቹ እናት ገበያ ላይ አገኘቻት። «ሙኒሳ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አዲሱ ቤታችሁ እንዴት ያምራል! የኔዎቹማ አትክልቱን ወደውልሻል።»

ሙኒሳ የያዘችውን ሽንኩርት እዚያው ትታ ሄደች። ከሐር ፋብሪካው ጀርባ፣ አጥሩ ጋ ሳትደርስ መዝሙሯን ሰማችው። የምታዘምረው ጉልሳራ ነበረች። ኢክቦል የፖም ሣጥን ተሸክሞ ከበሩ ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

ሣጥኑን አስቀመጠ። «ከሠርጉ በኋላ። እናቴ ውጭ የምትሠራ ምራት አልፈልግም አሉ። ሥራውን እኔ ከያዝኩት አንቺ ቤትሽ ታርፊያለሽ ብዬ ነው። ያው የኛው አይደል?»

«የኛ ከሆነ ለምን ደበቅከኝ?»

ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን እንደገና አነሳ።

«ቤቱንስ ተወው። ይመለሳሉ ስትለኝ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነበር፤ እኔም አምኜህ እንቅልፍ ወሰደኝ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በማግስቱ የማጫ ስጦታውን በአክስቷ እጅ መለሰች።

ያን ክረምት ከቀሩላት ጥቂት ልጆች ጋር ብቻዋን ገፋችው። ማብሰሉም ማስተኛቱም በእሷ ላይ ወደቀ። የሳቁባት አክስቷ ሳይጠሩ መጥተው ሾርባውን ያማስሉ ጀመር።

በጸደይ የኢክቦል መዋዕለ ሕፃናት ተዘጋ። ጉልሳራ ከእሱ ጋር ተጣልታ ሄደች፤ እሱ ደግሞ ገበያ እንጂ ልጅ አያውቅም። ልጆቹን ከነወላጆቻቸው አስከትሎ ሙኒሳ በር ላይ ቆመ። ከስቷል።

«ልጆቹን ተቀበያቸው። ጥፋቱ የነሱ አይደለም።»

«ማንንም ልጅ አልመልስም። ይግቡ።»

ልጆቹ በአጠገባቸው እየተሯሯጡ ገቡ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔስ?»

ረጅም ጊዜ አየችው። አሁንም ትወደዋለች፤ የከፋውም ይኸው ነበር። ግባ ብትለው በነጋ ቁጥር ዓይኑ ውስጥ ውሸት ስትፈልግ ልትኖር ነው።

«አንተን ካሁን በኋላ ማመን አልችልም፣ ኢክቦል» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ዛሬ መዋዕለ ሕፃናቱ የጎረቤትን ግቢ ጨምሯል። ለጋብቻ የሚጠይቋት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ሙኒሳ ደህና ናት። ማታ ማታ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ብቻ፣ ከውጭ ወፈር ያለ የወንድ ድምፅ ስትሰማ፣ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ ሻሿን ያስተካክላል። ከዚያ በሩን ትከፍታለች፤ የመጣው የአንዱ ልጅ አባት ነው፤ ልጁን በስሙ ትጠራለች።