የቦራ ጥጃ

ማረውን ያገኙት ርብ ወንዝ ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። በደረቱ ተደፍቷል። አንድ እጁ ሣር እንደ ጨበጠ ቀርቷል።

ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ርብ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባሕር ባደረገው ማግስት።

ሰው ተሰበሰበ። ማረው በከብት ጠባቂነት ያደረለት ባለ ከብት፣ ደሞዝ የሚባለው፣ ደረቱን እየደቃ መጣ።

«ወይኔ ማረው! ስድስቱን ላሞቼን ተከትለህ ሄድክ! ቦራ ላሜን ሳይቀር ውሃ በላብኝ!»

የመጣው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። አንዲት ሴት ብቻ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ይርገዱ ናት፣ የደሞዝ ሚስት። እሷ የምታየው ከሬሳው ማጅራት በላይ ያለውን የፍንክት ቁስል ነው።

«ማረው እኮ ከታንኳ ላይ የተወለደ ሰው ነው» አለች። «ጣናን ሲዋኝ አድጎ እንዴት ርብ ይበላዋል?»

«ግንድ መትቶት ነዋ!» አለ ደረሰ የሚባለው የወረታ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ። «ጎርፍ ባዶ እጁን አይመጣም።»

ይርገዱ ወደ ርብ ዞረች። ላሞቹ ከሌሉ ነገ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች።

ከደሞዝ ቤት ከወጣች አምስተኛ ወሯ ነው። ሚያዝያ ላይ ግራ እጇን በዱላ ሰበረው። ወጌሻ ቢያሸውም ጠምሞ ገጠመ። እጇን በነጠላ አንጠልጥላ ወረታ ገባች፤ ሀቢባ የምትባል ባለ ሱቅ «ነይ እህቴ፣ እዚህ ማንም አይነካሽም» ብላ ከጓዳዋ አንድ መደብ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ፍቺ ትጠይቃለች።

ፍቺ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ እንደ ክር በጥሰው የሚጥሉት ነገር አይደለም። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ነገሩ መጀመሪያ የሚታየው በሰማንያ ሲጋቡ በቆሙት የቤተ ዘመድ ዳኞች ፊት ነው፤ ሁለቱ ከሱ ወገን፣ ሁለቱ ከሷ። ያስታርቃሉ፤ እርቅ ካልሆነ ያፋታሉ፣ ንብረት ያካፍላሉ። ሰብሳቢው አባ አንለይ ናቸው፣ የይርገዱ እናት ወንድም። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ከስድስቱ ላሞች ሦስቱ ለሷ ይደርሷታል። ሦስት የፎገራ ላም ያላት ሴት ወረታ ላይ ወተት ሸጣ ታድራለች። ላም የሌላት ሴት እጇን ወደ ሰበረው ሰው ትመለሳለች። ነገሩ ይኸው ነው።

የአንዲትም ላም ጥምብ ስላልተገኘ ሃምሳ አለቃ ደረሰ ነገሩን ጠረጠረና የማረውን ሚስት ንግሥቲን ሁለት ቀን አመላለሳት።

«ባልሽ ከሌባ ጋር ገጥሞ ከብቱን ሸጠ። ሲካፈሉ ተጣሉና ገደሉት። አይደለም?»

«ከብት የሸጠ ሰው ቤት ጨው ይታጣል ጌታዬ?»

«የዚያን ዕለት ምን ብሎ ወጣ?»

«‹የሰው ሐቅ በላዬ አድርጌ አልተኛም፤ ለሽማግሌ እናገራለሁ› አለኝ።»

«ለየትኛው ሽማግሌ?»

«አልጠየቅሁትም። ይመለሳል ብዬ።» እንባዋ ቀደማት።

ደረሰ አራቱንም ዳኞች ጠየቀ። አራቱም «አልመጣም» አሉ። እሱም ማረው የራሱን ሌብነት ሊናዘዝ ነበር ብሎ ደመደመ። ለቀስተኛው ንግሥቲ ቤት መሄዱን ቀነሰ።

ነሐሴ ሠላሳ ዳኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። ይርገዱ ከደብረ ታቦር ባመጣችው ጠበቃ፣ በአቶ ኃይለ ሚካኤል አጠገብ ቆመች። ቀጭን፣ ጥቁር ኮቱን በፀሐይም የማያወልቅ፣ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው። ሕግ እንጂ ላም አያውቅም።

«ላሞቹ የት አሉ?» አለ ጠበቃው።

«ርብን ጠይቀው» አለ ደሞዝ።

«ያየ ምስክር?»

«ማረው አይቷል። እሱንም ርብን ጠይቀው።»

«በሞተ ሰው አይቀለድም» አሉ አባ አንለይ። ከዚያ ወደ ይርገዱ ዞሩ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «የኔ ልጅ፣ ከብቱ ሄደ። ምን እናካፍልሽ? ማድጋውን? ወደ ቤትሽ ተመለሽ። ለመስከረም አሥር ቀጥረንሻል፤ እስከዚያ አስቢበት።»

ይርገዱ ጉልበታቸውን ሳመች። ከሚያዝያ ጀምሮ ይህ ስድስተኛው ቀጠሮ ነው።

ሲወጡ ጠበቃው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሕጉ ለእርቅ ብለው እስከ ዓመት ቢያቆዩሽ አይከለክልም። ግን ዳኛ በጉቦ ካደላ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ይሽረዋል።»

«አጎቴን ነው?»

«እኔ ስም አልጠራሁም።»

«ያሳደጉኝ ናቸው። አፍዎን ይያዙ ጌታው!»

በማግስቱ ጳጉሜን ገባ። አገሩ ሁሉ ለጳጉሜን ጠበል ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይጎርፋል። አባ አንለይም በበቅሎ በሀቢባ ሱቅ በር አለፉ። ከኮርቻው ኋላ የታሰረው ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀ። ይርገዱ ሮጣ በደህና እጇ አነሣችው።

«ምንድን ነው አባ? ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሡት ቀላል።»

«ጭድ ነው፣ የምጋደምበት። የሽማግሌ ጎን ድንጋይ አይችልም።»

እሷው አስተካክላ አሰረችላቸው። ዝንቡ እንደ ንብ ከቦት ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ እሽ አለችው።

«ትዳርሽን ያቅናልሽ» ብለው መርቀዋት ሄዱ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ጠበቃው ከወረዳው ፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣ፦ የባልና ሚስቱ ንብረት ይመዝገብ። ሃምሳ አለቃው፣ ጠበቃውና ይርገዱ ጭቃውን እየረገጡ ደሞዝ ቤት ወጡ። ቤቱ ከፍታ ላይ ነው፤ ጎርፍ ነክቶት አያውቅም።

ጠበቃው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ሁለት በሬ። ሞፈር ቀንበር። አንድ ጎተራ ጤፍ።

«የቦራ ጥጃስ?» አለች ይርገዱ።

ደሞዝ ሳቀ። «አሁን የአንድ ወር ጥጃ ልትካፈይ ነው? እናቱን አጥቶ ሞተ። ጣልኩት።»

«የት?»

«ምን አገባሽ!»

መልስ አልጠበቀችም። ከጓሮ አሞራ ሲያንዣብብ አይታለች። ከአሮጌው የእህል ጉድጓድ ላይ እሾሁን ገፍታ አየች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች፤ ቆየች። ከዚያ ጠራቻቸው።

«ጌታው፣ ይህን ይጻፉ።»

«የሞተ ጥጃ አይመዘገብም፣ ይርገዱ።»

«ቆዳ የለውም።»

«ጅብ ይሆናል...» አለ ጠበቃው።

«ጅብ ገፎ አይበላም። ይህ በቢላዋ ነው የተገፈፈው፣ እስከ ሰኮናው። እንዲህ አድርጎ ቆዳ የሚያወጣ ሰው ሊያለፋው አይደለም።»

ጠበቃው ግራ ገባው። ደረሰ ግን የገበሬ ልጅ ነው። ፊቱ ሲለወጥ ታየ።

«ይንገሩታ!» አለችው።

«ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች» አለ ደረሰ፣ ዓይኑን ከደሞዝ ሳይነቅል። «ቆዳውን ጭድ ሞልተው ከፊቷ ያቆሙላታል። ያን እየላሰች ትታለባለች።»

«ቦራ ደግሞ ጥጃዋን ካልላሰች ለማንም አትታለብም» አለች ይርገዱ። «ርብ ለበላት ላም ጭድ ማን ይሞላል? ቦራ አለች። ቦራ ካለች አምስቱም አሉ።»

ደሞዝ ወደ አጥሩ ተፈናጠረ። ደረሰ በጋቢው ጎትቶ ጣለውና አሰረው።

«የት ነው የደበቅሃቸው?»

ደሞዝ ጥርሱን ነከሰ። አንዲት ቃል አልወጣውም።

ይርገዱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።  ትልቅ፣ ቀላል ጆንያ። ዝንብ። በገዛ እጇ አንሥታ፣ በገዛ እጇ አስራ...

«ወንዛዬ» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር። «ወንዛዬ ነው ያለችው።»

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ጧት ወንዛዬ ደረሱ። ከፍል ውሃው በላይ፣ ከአንድ የአባ አንለይ ዘመድ ግቢ፣ ስድስት ላሞች በረት ውስጥ ቆመዋል። አንዲት ሴት ቦራን ታልባለች፤ ሊጠመቅ የመጣው እንግዳ ወተት ሊገዛ ቅል ይዞ ተሰልፏል። ከቦራ ፊት አራት እግሩ በእንጨት የተደገፈ፣ ዓይን የሌለው ጥጃ ቆሟል። ጭዱ በሆዱ ስፌት ይታያል። ቦራ ግንባሩን ትልሰዋለች።

አባ አንለይ ከፍል ውሃው ወጥተው፣ እርጥብ ጋቢ ለብሰው ብቅ አሉ። ሲያዩዋቸው ቆሙ።

«ከብቱ የማን ነው አባ?» አለ ደረሰ።

«የአደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«የደሞዝ። ጎርፍ ፈርቶ...»

«ጎርፍ በላቸው ተብሎ ሲነገርዎ ሰብሳቢው እርስዎ አልነበሩም?»

አባ አንለይ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨመቁ።

«ማረው ወደ እርስዎ መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም አልኩህ እኮ!»

«ደሞዝ ታስሯል። ማረውን የገደሉት እርስዎ ነዎት ይላል።»

«ውሸታም!» አንለይ ጮኸ። «ዱላውን ያቀበለኝ ማን ሆነና!»

ወተት ገዢው ሁሉ ዞሮ አየ። አንለይ አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ደሞዝ እኮ ምንም አላለም ነበር።

ምስኪን ማረው! ላሞቹን ወደ ወንዛዬ ንዳ ተብሎ ነዳ፤ ደርሶ ሲመለስ ነገሩ ገባው። የሴቲቱ ሐቅ ሊሸሸግ ነው። ሽማግሌ ያድናል ብሎ፣ ከዳኞች ሁሉ ትልቁን መርጦ፣ ሄዶ ነገረው። አንለይ «ጎበዝ ልጅ፣ ና ከደሞዝ ፊት ትነግረናለህ» ብሎ ይዞት ወደ ርብ ወረደ።

«ለአንች ብዬ ነው» አለ አንለይ፣ ይርገዱን እያየ። «ደሞዝ ሦስት ላም እሰጥሃለሁ አለኝ። አንች ብትመለሽ ቤትሽ አይፈርስ፣ እኔም እጦር። ማረው አርፎ ቢቀመጥ ማንም አይሞትም ነበር።»

ይርገዱ ጠማማ እጇን ከነጠላዋ አወጣች።

«እኔስ?» አለች። «ስድስት ቀጠሮ ሙሉ ጉልበትህን ስስም፣ ለእኔም ያቆምክልኝ ጭድ ነበር?»

በዕድሜዋ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ደረሰ እጁ ላይ ከቆለፈው ሰንሰለት ይልቅ አንገቱን ያስደፋው ይህ ነበር።

አንለይና ደሞዝ ታስረው ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በአንለይ ምትክ ሌላ ዳኛ ተሰየመ፤ ፍቺው በኅዳር ተፈረደ። ጠበቃው ወረቀቱን ዘረጋላት፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች። ሦስት ላም ደረሳት። አንዷን ለንግሥቲ ነዳችላት። ለቀስተኛውም፣ አፍሮ፣ ወደ ንግሥቲ ቤት ተመለሰ።

ቦራ ግን ያለ ጥጃዋ ቆዳ አትታለብም። ሀቢባ ቆዳውን ከፖሊስ አስመልሳ ጓሮ አቁማላት ነበር። ይርገዱ ሁለት ጧት አለበች። በሦስተኛው ቦራ ያን ጭድ ስትልስ አየቻት፤ ማለቢያውን አስቀመጠችና ቆዳውን አንሥታ ከአጥሩ ሥር ቀበረችው።

«ኧረ እህቴ፣ ወተቱስ?» አለች ሀቢባ። «ትነጥፍብሻለች እኮ!»

«ትንጠፍ» አለች ይርገዱ፣ አፈሩን በእግሯ እየጠቀጠቀች። «ሌላ ስትወልድ እናልባታለን።»

ቦራ ሦስት ቀን ጮኸች። በአራተኛው ሣር ጋጠች።