ቀድሞ የሚያንኳኳው

ሥራቸው በር ማንኳኳት ነበር። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል።

የሚከራይ ክፍል መኖሩ ሲሰማ መጀመሪያ እሱ ሄዶ ይጠይቃል። «ተይዟል» ይሉታል። ትንሽ ቆይታ እሷ ሄዳ ያንኑ ክፍል ትጠይቃለች። ለእሷ ክፍሉ አለ። መስኮቱ ይከፈትላታል፤ «ጨዋ ትመስያለሽ» ትባላለች። ከዚያ የሚሠሩበት ድርጅት አስተባባሪ ባለቤቶቹን ጠርታ፣ ሳትቆጣ፣ «በመካከሉ ምን ተለወጠ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዱ ይሳደባል፤ አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ክፍሉን ለእሱና እሱን ለመሰሉ የሚያከራይ ይገኛል። ድርጅቱ ቆሞ የሚሄደው ለእነዚህ ሲል ነበር።

እሱን ባለባርኔጣው ይሉታል። ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውም፣ ጸጉሩም፣ ሽፋሽፍቱም ነጭ ነው። ፀሐይ ስለምታቃጥለው ሰፊ ባርኔጣ ከራሱ አይለይም። ዓይኑ ብርሃን አይችልምና ሰው ሲያይ አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው። ያ አስተያየት ነው ልጅቷን እጅ ያሰጣት። እሷን ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ስለምትሄድ ቢሮ ውስጥ «ተከታይ» ብለዋታል።

ፍቅራቸው የተጀመረው መንገድ ጥግ ላይ ነው፤ እሱ ተባርሮ ሲመለስ እሷ ቆማ በምትጠብቅበት።

«ዛሬም ክፍሉ ለአጎት ልጅ ተሰጥቷል» ይላታል። «ይቺ ከተማ ስንት የአጎት ልጅ ነው ያላት?»

ትስቃለች፤ መሳቋም ያሳፍራታል።

«ሳቂ እንጂ! በከንቱ ነው እንዴ የተባረርኩት?»

አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ ተመለሰና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥላዋን ዘርግታ ፀሐዩን ከለለችለት፤ ክንዷ እስኪዝል ድረስ እንደዚያ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም ምን እንደያዛቸው ያውቁት ነበር።

የተከታይ እናት እሱን የምታውቀው በስልክ ብቻ ነው። ልጅቷ ጸጉሯን ስትታጠብ ስልኩ ጮኸና እናትየው አነሳችው። አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ወሬው ጣማትና ልጇን ትታ ራሷ ማውራት ጀመረች። «የስልኩ ልጅ ደወለ?» ትላለች ማታ ማታ። «እንዲህ ያለ አንደበት! መቼ ነው ዓይኑን የማየው?»

እሱም ይጠይቃል። «እናትሽን መቼ ነው የምታስተዋውቂኝ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ምን ብለሽ ነግረሻቸዋል?»

«ጥሩ ሰው ነው ብዬ።»

«ሌላስ?»

ተከታይ የቦርሳዋን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ትጀምራለች። እሱ በአውቶቡስ እስከ ሰፈሯ ፌርማታ ይሸኛትና ይመለሳል። ከፌርማታው አልፎ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር። በስንቱ ሰው ፊት ላይ ያየችውን ያን ነገር በእናቷ ፊት ላይ እንዳታየው ፈርታ። ለሰው ሁሉ ስትሟገት ውላ ቤቷ ስትገባ ምላሷ ይታሰራል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

አንድ ጠዋት አስተባባሪዋ እንደ ልማዷ ከደላላ የሰማችውን አድራሻ ሰጠቻቸው። ከፌርማታው ወደ ቀኝ፣ ከጫማ ሰፊው አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴ የብረት በር።

ተከታይ አድራሻው የቤታቸውን መሰላት። አረንጓዴ በር ግን ሞልቷል ብላ ራሷን አጽናናች።

ከአውቶቡስ ሲወርዱ «ይሄ ያንቺ ፌርማታ አይደል?» አላት።

«ሰፈሩ ሰፊ ነው።»

ጫማ ሰፊው ጋ ሲደርሱ መጠራጠሯም አበቃ። ወንድሟ አግብቶ ከወጣ ወዲህ እናቷ «ያ ክፍል እንዲሁ ከሚቀመጥ» እያለች ስታጉረመርም ነበር። ለካ ለደላላ ነግራለች።

የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ተናግሮ ያ ቤት ይዘለላል። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። አንድ ሐሳብ ያዛት፦ እማዬ ትከፍትለት ይሆናል። ድምፁን ትሰማውና «ግባ» ትለው ይሆናል። ያኔ እኔ ምንም መናገር አይጠበቅብኝም።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም። ሂድ።»

ሄደ።

ጥጉ ላይ መቆም አቃታት። እስከ ግንቡ ሄዳ ተመለሰች። ማስቲካ ገዝታ ሳትከፍት እጇ ውስጥ ጨመደደችው። ሮጣ ልትመልሰው አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ፣ አሁን እኮ እየተሳሳቁ ይሆናል ብላ አሰበች። ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ «ሰው ቀረብሽ እንዴ?» ሲላት አልመለሰችለትም።

ባለባርኔጣው ሲመለስ አልቀለደም።

«ተይዟል አሉኝ። አፌን ሳልከፍት።»

የጨመደደችው ማስቲካ ከእጇ ወደቀ።

«በሩን ሲዘጉት፣ ጎረቤት መሰለኝ፣ ውስጥ ያለ ሰው ማነው ብሎ ጠየቃቸው። 'ማንም አይደለም' አሉ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ትናንት ማታ 'እራትህን በላህ ወይ የኔ ጌታ' ያለኝ ድምፅ ነው።»

ተከታይ መሬት መሬቱን አየች።

«ታውቂ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አያት፤ ያ የምትወደው አስተያየት ያን ዕለት ከባድ ነበር።

«ሁልጊዜ የምቀድመው ሥራዬ ስለሆነ ነው» አለ። «ዛሬ ግን የቀደምኩት አንቺ ስለፈራሽ ነው።»

«ልነግርህ ነበር…»

«ተራሽ ነው» አላትና ወደ ፌርማታው ሄደ። ሳይጠብቃት ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የአረንጓዴውን በር ቁልፍ ይዛለች፤ ግን አንኳኳች።

«ቁልፍሽን ጣልሽው?» አለች እናቷ ከፍታ።

«የሚከራይ ክፍል አለ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መታሽ?»

«አለ ወይስ ተይዟል?»

የእናቷ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። «አለ እንጂ። ማን ይይዘዋል። ቅድም ደላላው አንዱን ልኮብኝ…»

«ልኮብሽ ምን?»

«እንጃ ልጄ። ክፉ ሰው መስሎኝ አይደለም። ሳየው ክው አልኩ፤ ምላሴ ቀድሞኝ ተይዟል አለ።»

«እማዬ፣ የስልኩ ልጅ ነው።»

እናትየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈች።

«ድምፁን እኮ አላሰማኝም።»

«መቼ አስተነፈስሽውና!»

«ዛሬ እራት በላህ ስለው፣ ነገ ደህና አደርክ ስለው…» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «አንቺስ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ እንዳታደርጊ ፈርቼ።»

«እኔ ሳላውቀው በር ዘጋሁበት። አንቺ እያወቅሽው ይሄን ሁሉ ጊዜ ውጭ አቆምሽው።»

እናቷ ተነስታ ልትደውልለት ስልኩን ፍለጋ ስትገባ ተከታይ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይው። መጀመሪያ እኔ ነኝ የምሄደው።»

የሚኖረው ካሳደገችው አክስቱ ጋር፣ ከአንድ የጣውላ መሸጫ ቤት ጀርባ ነው። ስንት ጊዜ «ነይ፣ አክስቴን ተዋወቂያት» ብሏት ሰበብ ስትፈጥር ኖራለች፤ እሱ ቤት ከገባች እሱንም ቤቷ ማስገባት ሊኖርባት ነዋ። አሁን በሩ ፊት ቆማ አንኳኳች።

ክንዷ ድረስ የሳሙና አረፋ የሞላት አጭር ሴት ከፈተች።

«ማንን ነው?»

«እሱን… አለ?»

አክስትየው ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት።

«የለም።»

ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባርኔጣው በምስማር ተሰቅሏል። በዚህ ፀሐይ ያለ እሱ ውጭ አይወጣም። አክስትየው ዞር ብላ አየችው፤ መልሳ ተከታይን አየች። አልደነገጠችም።

«ፎቶሽ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ከቤተሰቡ መሀል አስቀምጦሻል። የለም ብያለሁ።»

በሩ ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ጥግ ላይ ቆማ የሰማችው የመባረርን ወሬ ብቻ ነበር ለካ። ደግሞም የሁለቱ አንድ አይደለም፤ እሷ የተዘጋባት ባደረገችው ነው፤ እሱ ምን አደረገ? ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ።

ልትሄድ አሰበች። አልሄደችም። የጣውላው ክምር ጥግ ሄዳ ቆመች፤ ተቀመጠች፤ ተነሳች። የጣውላ ቤቱ መጋዝ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው አለፏት። ያ ባርኔጣ ብቅ ያለው ተስፋ ቆርጣ ዞር ስትል ነበር።

ፈንጠር ብሎ ቆመ።

«ምን አለችሽ?»

«የለም አሉኝ።»

«አክስቴ ውሸት አይሆንላትም።»

«በደንብ ይሆንላቸዋል። ባርኔጣህን መደበቅ ነው የረሱት።»

ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ወዲያው ፊቱን መለሰው።

«ፈሪ ነኝ» አለችው። «ሰው አይቶህ ሲደነግጥ እሱን ስከስ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ደብቄህ ነበር። አፍሬብህ አይደለም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነበር። ትንሽ አፍሬ ነበር። አሁን የማፍረው በራሴ ነው። እወድሃለሁ፤ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ መጣህም አልመጣህም ምሳ እየሠራችልህ ነው። እያለቀሰች ስለምትሠራው ጨው ሊበዛበት ይችላል።»

«ዛሬ አልመጣም።»

«እሺ።»

«ነገም እንጃ።»

«እሺ። እኔ ግን እዚህ እመጣለሁ። አክስትህ 'የለም' ማለት እስኪሰለቻቸው።»

አንገቱን ዘንበል አደረገ። ጥላዋን ቤት ረስታ ፀሐይ ላይ መቆሟን አየና ባርኔጣውን አውልቆ ራሷ ላይ ደፋላት፤ እስከ ቅንድቧ ወረደባት።

«ይቃጠላል እኮ ፊትህ!»

«እንግዲያው ቶሎ እንግባ። ደንቡን ረሳሽው? አንዱ ተባርሮ ሲመለስ ሌላው ሄዶ ያንኑ በር ያንኳኳል።»

እጇን ያዘ። የራሱን ቤት በር፣ እንደ እንግዳ፣ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች አክስትየው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰው ይዣለሁ።»

ውስጥ ውሃ ሲደፋ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። አክስትየው መጀመሪያ ባርኔጣውን፣ ቀጥሎ የተያያዙትን እጆች አየች።

«ግቡ እንጂ» አለች፣ «ምን ፀሐይ ላይ ያቆማችኋል።»