አምስት ቁጥር ወተት ነበር

«ቆይ፣ የወተት መኪኖቹ ባንክ በር ላይ ምን ይሠራሉ?» አሉ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግድግዳው ላይ በሚታየው ጌም ውስጥ ሰባት የወተት ቦቴዎች ባንኩ ደጃፍ ተሰልፈው ወርቅ ይጠብቃሉ። አንዱ ከኋላ «ላሟ ባንክ ተቀጥራ ነዋ!» ሲል ሳቁ ባሰ።

መኪኖቹ የሚነዱት ተማሪዎቹ በሚጽፉት ኮድ ነው። እያንዳንዱ ጭነት ስምም ቁጥርም አለው። ስሙ አይለወጥም፤ ቁጥሩ ግን ካርታው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። በተለማመዱበት ካርታ አምስት ቁጥር ወተት ነበር። ዛሬ መምህሩ በከፈቱት ካርታ ወርቅ ሆኖ አረፈው።

አምስትን የጻፈችው ፈጣኗ ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ስትተይብ እጇ ስለማይታይ ነው። በጥንድ አብራት የምትሠራው ሚጢጢ «በስሙ ጥሪው እንጂ፣ ቁጥር አይታመንም» ብላት ነበር።

«አቦ አታካብጂ!» ነበር መልሷ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፈጣኗ ግን ያፈሰሰችውን ለመልቀምም አልፈለገች።

«ይህን መስመር ከሁለታችሁ የጻፈችው ማን ናት?» አሉ መምህሩ።

«እሷ ናት» አለች ፈጣኗ። ቃሉ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻት።

«እንግዲያው ለቅዳሜው የኮድ ውድድር ሌላ ጥንድ እፈልግልሻለሁ» አሏት መምህሩ ፈጣኗን። ሚጢጢ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች።

ፈጣኗ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መምህሩ ደግሞ «በይ አስተካክዪው» አሏት። አምስትን አጥፍታ «ወተት» ብላ ጻፈች። ቦቴዎቹ ዞረው ወተት ወደሚጫንበት እርሻ ከነፉ፤ ልጆቹ አጨበጨቡላት። ጭብጨባው ከስድብ ባሰባት፤ ያዳናት የሚጢጢ ምክር ነውና።

«ጎበዝ! አየሽ፣ መጀመሪያውኑ አንቺ ብትጽፊው ኖሮ...»

«ቲቸር» አለች ፈጣኗ። እጇን እንኳ ሳታወጣ ብድግ ብላለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ በስሙ ጥሪው ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ዋሸሁ። ለውድድሩ እሷን ይውሰዷት።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ፈጣኗ ደብተሯን አንስታ ወደ ኋላ ሄደች። ሚጢጢ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አላነሳችም።

ፈጣኗ ቆማ ጠበቀች።